ቃኚው ዐይን
ስለ መጀመሪያዎቹ የአየር ቃኚዎቻችን ታሪክና ስለ አጻጻፉ

በቋንቋችን «ቃኘ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው። በገና ደርዳሪ ጅማቱን እያጠበቀና እያላላ ድምፁን ሲያስማማ በገናውን ቃኘ ይባላል፤ የጦር ሰው ደግሞ ከጓደኞቹ ቀድሞ የጠላትን ሰፈር፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የተራራውን ማለፊያ አይቶ ሲመለስ አገሩን ቃኘ ይባላል። ሁለቱ ትርጓሜዎች የተራራቁ ቢመስሉም ጠባያቸው አንድ ነው። ደርዳሪው ዜማው ከመጀመሩ በፊት፣ ቃኚውም ውጊያው ከመከፈቱ በፊት ይደክማል፤ ሥራቸው የሠመረ እንደ ሆነ የሚመሰገነው ዜማውና ድሉ ነው እንጂ ቅኝቱ አይደለም። አባቶቻችን ግን የቃኚን ክብር አልዘነጉም። የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበረ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃም በዚሁ ስም ቃኘው ተባለ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከምድር ሳይሆን ከአየር ሆነው ስለ ቃኙት፣ ስለ 1928 ዓ.ም. ጦርነት በራሪዎቻችን የተጻፈውን ነው። የታሪኩን ቅደም ተከተል ብቻ ለመናገር አንፈልግም፤ ታሪኩ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ በምን በኩል እንደ ጎደለ፣ ጉድለቱም ለዛሬው ተማሪና አስተማሪ ምን ጉዳት እንዳለው ለማመልከት እንወዳለን።

ለምርመራችን ሚዛን የሚሆነንን ከውጭው ዓለም ብንበደር ነውር የለበትም። ሄሊኮፕተር በጦር ሜዳ ላይ መሥራት ከጀመረ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. በበርማ ጫካ የወደቁ ሰዎችን ለማውጣት ዋለ፤ በኮርያ ቁስለኞችን አመላለሰ፤ በአልጄርያና በቬትናም ጦርነቶች ደግሞ ዋና የጦር መሣሪያ ሆነ። በቬትናም የአሜሪካ ቃኚ ክፍሎች ልማድ ይህ ነበረ፤ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር በዛፍ ጫፍ ልክ ዝቅ ብላ ትበራለች፤ መሣሪያ የታጠቀችው ሁለተኛይቱ ከበላይዋ ሆና ትጠብቃታለች። ዝቅተኛይቱ የተረገጠ ሣርና ያልበረደ ምድጃ ትፈልጋለች፤ አንዳንድ ጊዜም ጠላት የሚታየው በርሷ ላይ ሲተኩስ ብቻ ነው። ከነዚያ አብራሪዎች ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ የተመለሱት ግን የክፍሎቻቸውን ታሪክ ጽፈዋል።

እነዚህን የመሰሉ ጽሑፎች ሁሉም እኩል አይደሉም። ደካሞቹ የሚነግሩን ስንት ጥይት እንደ ተተኮሰ፣ ስንት ጠላት እንደ ወደቀ ነው። ብርቱዎቹ ግን ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፤ ምን ታየ? ያየው ሰው ለማን ነገረ? የሰማውስ ምን አደረገበት? የቃኚ ታሪክ በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመዘነ ወይ የቀልድ ወይ የተረት ዕቃ ይሆናል። የኛም በራሪዎች ታሪክ ያገኘው ዕጣ ይኸው መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ያመጣት ፖቴዝ 25 የምትባል አይሮፕላን ነበረች፤ ጥቂት ቈይቶም ዩንከርስ የተባለችው የጀርመን ሥራ ተከተለች። ብዙ ሳይቈይ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በረራ ተምረው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተቈጠሩ። የባቢቼፍ አባት ሩሲያዊ መኰንን፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ።

አይሮፕላን በአገራችን ጦርነት ላይ የዋለው አገሪቱ ከጠላት ጋር ከመግጠሟ በፊት መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ከራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ጋር ሲገጥም፣ በፈረንሳዊ እጅ የሚነዱ አይሮፕላኖች በበጌምድሩ ሠራዊት ላይ አስቀድመው ወረቀት በተኑ፤ በወረቀቱም ላይ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ በአቡኑ ቃል የተወገዘ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ከወረቀቱም በኋላ ቦምብ ተጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ሞቱ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዚያን ቀን ሰማዩ የማዕከላዊው መንግሥት ወገን ነበረ።

ከዚያ በኋላ ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያችው ዕለት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። በዚያን ቀን ሰማዩ የጠላት ነበረ። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ቍጥር ላይ መዋላቸው በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ቢነገሩ ከብዙ ሐተታ ይልቅ የሚያስተምሩ ናቸው። አንቺም ላይ አይሮፕላንን ያየ ሠራዊት ምን ያህል እንደ ደነገጠ የሚያውቅ መንግሥት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰማዩን የራሱ ለማድረግ ምን ያህል ሞከረ? ያልቻለበትስ ምክንያት ምን ነበረ? ገንዘብ ማነሱ፣ የባለሙያ እጥረት፣ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጡልን መከልከላቸው፣ ጊዜው ማጠሩ ሁሉ መልሱ ውስጥ ይገባል። ይህን ጥያቄ የማያነሣ የታሪክ መጽሐፍ በራሪዎቻችንን ከባዶ ሰማይ እንደ ወረዱ ያስመስላቸዋል።

ጦርነቱ ሲቃረብ በኢትዮጵያ የነበሩት አይሮፕላኖች በደርዘን የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከነዚያም ውስጥ ለመብረር የሚበቁት ጥቂቶቹ ነበሩ። ፖቴዞች፣ ዩንከርስና ፎከር ይገኙባቸዋል። የጣልያን ወገን ግን በመቶ የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች ነበሩት። በዚህ ጊዜ ነው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ወደ አገራችን የመጡት። ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ፣ በጋልፍፖርት ከተማ ያደጉ፣ በተስኪጊ ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ የተማሩ፣ በኋላም በሺካጎ በረራ የተማሩና ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ጠርተዋቸው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጣቸው፤ ትንሹን የአየር ክፍል እንዲመሩም ተደረገ።

የዚህ ክፍል ሥራ መዋጋት አልነበረም፤ መዋጋትም አይቻለውም ነበረ። ሥራው ማየት፣ ማድረስና መመለስ ነበረ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ደብዳቤና መልእክተኛ ያደርሳል፤ መድኀኒት ይወስዳል፤ ሲመለስም በመንገዱ ላይ ያየውን ይነግራል። ኮሎኔል ሮቢንሰን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ በተደበደበች ጊዜ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ጣልያኖች ወደ አዲስ አበባ እስኪቃረቡ ድረስም እንዲሁ ሲመላለሱ ቈይተው በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወደ አሜሪካ ተመለሱ። መሣሪያ በሌላት ዘገምተኛ አይሮፕላን፣ የጠላት ተዋጊ አይሮፕላኖች በሚመላለሱበት ሰማይ፣ በተራራና በደመና መካከል እየተደበቁ ወራት ሙሉ መብረር ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ለመረዳት ምንም ጌጥ መጨመር አያስፈልግም።

ጸሐፊዎች ግን ጌጥ ጨመሩበት፤ ወይም ጌጡን ገፈው ራቁቱን አስቀሩት። በዚህ ረገድ ሁለት ዐይነት አጻጻፍ እናገኛለን።

አንደኛው የማላገጥ አጻጻፍ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባን የሞሉት የውጭ አገር ጋዜጠኞች የጦርነቱ መጀመር ቢዘገይባቸው፣ ወደ ግንባርም መሄድ ቢከለከሉ፣ የሚጽፉት አጥተው የሆቴል ወሬ ይለቅሙ ነበር። «የሀርለም ጥቁር ንስር» እየተባለ የሚጠራው ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን አይሮፕላን መስበሩ፣ ኋላም በ1927 ዓ.ም. ከሮቢንሰን ጋር በሆቴል ውስጥ መደባደቡ፣ ለነዚህ ጸሐፊዎች ከአንድ ጦር ሜዳ ይልቅ ጥሩ ሲሳይ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ስለ ጦርነቱ ባወጣው መጽሐፍም፣ በ1938 ዓ.ም. ባወጣው የቀልድ ልብ ወለድም አገራችንን የመሣቂያ መድረክ አደረጋት። የዎ ብዕር ስለታም መሆኑን አንክድም፤ በጋዜጠኞች ላይ የሰነዘረው ነቀፋም እውነት አለበት። ነገር ግን ብዕሩ የሚያየው የሚያሥቀውን ብቻ ነው። በሆቴሉ የተደባደቡትን ሁለት ሰዎች ያየ ዐይን፣ በማግሥቱ አንዱ ወደ ሰሜን መብረሩን አላየም።

ሁለተኛው የማግነን አጻጻፍ ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች ጋዜጦች ሮቢንሰንን «ቡናማው ኮንዶር» ብለው ሰየሟቸው፤ በየከተማውም ተስፋ ለራቀው ሕዝብ መጽናኛ ሆኑ። ይህ ፍቅር የሚከበር ነው፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ብቻዋን በቆመችበት ዘመን ከሩቅ ወገን የሆናት ሕዝብ የገለጸው ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ፍቅር በተረት ሲመገብ ይወፍራል እንጂ አይጠነክርም። የሮቢንሰን ስም በአፍ በተላለፈ ቍጥር የጣልያንን አይሮፕላኖች በአየር ላይ የተዋጉ ጀግና ሆኑ፤ አልፎም የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረቱ እርሳቸው ናቸው እስከ ማለት ተደረሰ። አየር መንገዱ ግን ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመና በዚያው ዓመት መብረር የጀመረ ነው። ቶማስ ሲመንስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ያሳተመው የሮቢንሰን ታሪክ ሰውዬውን ከመረሳት ያወጣ በመሆኑ ባለውለታችን ነው፤ አተራረኩ ግን ወደ ጀብዱ ልብ ወለድ ያደላል። ዊልያም ስኮት በ1993 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ጥቁር አሜሪካውያንና ስለ ጦርነቱ ያወጣው ጥናት ግን ጋዜጣ ያለውንና ሰነድ የሚመሰክረውን ለይቶ ስለሚያቀርብ ለተማሪ የሚመረጥ ነው። ሮቢንሰን በስኮት መጽሐፍ ውስጥ ሲያንሱ አናይም፤ እንዲያውም የሚጨበጡ ሰው ሆነው ይቀርባሉ።

ማላገጥና ማግነን ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ቃኚውን በተዋጊ ሚዛን ይመዝኑታል። አንዱ «አልተዋጋም» ብሎ ይሥቅበታል፤ ሌላው «አልተዋጋም» እንዳይባል ብሎ ያልነበረ ውጊያ ይፈጥርለታል። ሁለቱም ምን አየ፣ ለማን ነገረ፣ ምን ተደረገበት ብለው አይጠይቁም።

ስም ሲቀር ሥራ እንደሚረሳ ከከተማችን ቀላል ምሳሌ ለመጥቀስ ይቻላል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ባሻገር ሲኤምሲ የሚባል ትልቅ ሰፈር አለ። ስሙ ቤቶቹን ከሠራው የጣልያን የግንባታ ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጀመሪያ ፊደላት የወጣ ነው። የሰፈሩ ልጅ ስሙን በየቀኑ ሲጠራ ፊደላቱ የምን ምሕፃር እንደ ሆኑ አይጠይቅም፤ ከቦሌ የሚነሣውን አይሮፕላን ሲያይም በዚሁ ሰማይ በ1928 ዓ.ም. እነማን እንደ በረሩ አይጠይቅም። ልጁ አይወቀስም። የሚወቀሰው ስም ብቻ ሰጥቶት ነገሩን ያልነገረው ነው። «ጥቁር ንስር» እና «ቡናማው ኮንዶር» የተባሉት ስሞችም እንደዚሁ ናቸው፤ ክንፍ አላቸው፤ ዐይን ግን የላቸውም።

የዐይን እጦት ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚፈልግ ወደ ማይጨው ይመለስ። ከጦርነቱ ቀደም ባሉት ቀኖች የጠላትን ምሽግ ለማወቅ የተላኩት በአይሮፕላን የሚበር ሰው አልነበሩም። የቀድሞው የሩሲያ መኰንን ፌዶር ኮኖቫሎቭ የቤተ ክህነት ሰው መስለው በእግራቸው ተጠግተው፣ የጣልያንን መስመር አይተው፣ ሥዕሉን ይዘው ተመለሱ። ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ ታይቷል። ለሁለተኛውም መልስ አለ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ተነግሯል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ነገሩ ይሰናከላል። ጥቃቱ ዘገየ፤ ጠላት በበኩሉ የሬድዮ መልእክቶቻችንን ይጠልፍ ስለ ነበረ፣ አይሮፕላኖቹም ያለ ከልካይ ስለሚመላለሱ፣ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ማርሻል ባዶልዮ በዚያው ዓመት ባሳተመው የጦርነቱ ታሪክ ስለ ወገኑ ብልሃት ብዙ ይተርካል፤ የኛ ጸሐፊዎች ግን የማይጨውን ጀግንነት ሲተርኩ ጀግናው ሲገጥም ምን ያውቅ እንደ ነበረና ምን እንዳላወቀ ብዙ ጊዜ ይዘላሉ። ሳያይ የገጠመ ሰው ጀግንነቱ ከፍ ቢል እንጂ ዝቅ አይልም። ሳያይ እንዲገጥም ያደረገውን ነገር አለመጻፍ ግን የሚመጣውን ትውልድ እንደገና ሳያይ እንዲገጥም ማዘጋጀት ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ዐይን ስለ ማጣት ነው። ዐይን እያለም አለማየት አለ። በአገራችን «ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ ልብ ያልፈረደበት ማየት ምን እንደሚመስል ደግሞ ከጠላት ወገን መጽሐፍ እናገኛለን። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ሙሶሊኒ በአገራችን ላይ ቦምብ ሲጥል ከቈየ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. «በአምቦች ላይ የተደረጉ በረራዎች» የሚል ትርጓሜ ያለው መጽሐፍ አሳተመ። በፈረሰኞች መካከል የወደቀ ቦምብ ሲፈነዳ ለርሱ እንደሚፈካ ጽጌረዳ ታየው። ብዙ ሰዎች ይህን የጠቀሱት ጭካኔውን ለማሳየት ነው፤ እኛ ግን የአጻጻፍ ትምህርትም እናገኝበታለን። ምሳሌው የሚያምረው ርቀቱ ስለ ቀረ ነው እንጂ እውነት ስላለው አይደለም። ከዚያ ከፍታ ፈረስ ከሰው አይለይም፤ ጩኸት አይሰማም፤ ስለዚህ አበባ ማለት ይቻላል። ያማረ ንጽጽር ከእውነት ሲለይ ምን ያህል አስቀያሚ እንደሚሆን ለተማሪ ማሳየት የሚፈልግ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ከዚህ መጽሐፍ አጠገብ ሌላ መጽሐፍ ይቀመጥ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ክፍል አለ። እርሳቸውም ያንኑ አገር ከአየር አይተውታል። ያበርሯቸው የነበሩት የቀይ መስቀል አይሮፕላን ነጂ፣ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። ነገር ግን ዡኖ ከአይሮፕላኑ ወረዱ። ቆረም ላይ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች ከየዛፉ ሥር ወድቀው ሲያቃስቱ አገኟቸው፤ ከአፋቸውም የሚወጣው አንድ ቃል «አቤት» እንደ ነበረ ጽፈዋል። ዡኖ ቃሉን የምሕረት ልመና አድርገው ተረድተውታል፤ ለውጭ አገር ሰው ይህ በቂ ነው። አማርኛ ለሚያውቅ አንባቢ ግን ቃሉ ከዚያ ይከብዳል። አቤት የሚባለው ዳኛ ባለበት ነው፤ አቤቱታ የሚወጣውም ከዚሁ ቃል ነው። እነዚያ ሰዎች ያቃስቱ ብቻ አልነበሩም፤ ለሚሰማ ዳኛ ይከሱ ነበር። ሰሚውም ከሰማይ የወረደ እንግዳ ሆነ።

በዚህ በኩል ሲታይ ሦስቱ ጥያቄዎች መልሳቸውን ያገኛሉ። ምን ታየ? ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ በኩል የወረደው፣ ኋላም ከአይሮፕላን እንደ ዝናም የተረጨው መርዝ ታየ። ለማን ተነገረ? ሐኪሞቹ ለቀይ መስቀል፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ፤ መርዙ እንዴት እንደ ተረጨ በዝርዝር አስረዱ። ምን ተደረገበት? በዚያን ጊዜ ምንም አልተደረገበትም። የጣልያን መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በይፋ እስኪያምን ድረስም ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ፤ ለዚህም እነ አንጀሎ ዴል ቦካ የመሰሉ ጣልያናውያን የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ደክመዋል። ቃኚው ያየውን ተናግሮ ሰሚ ቢያጣ ጥፋቱ የቃኚው አይደለም። ቃሉ ግን ተጽፎ ስለ ቀረ በመጨረሻ ዳኛ አገኘ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ትዝታ» መጽሐፋቸው በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው ከምድር ያዩትን መጻፋቸውም ከዚሁ የሚቈጠር ውለታ ነው፤ አይሮፕላኑን ከሥር ያየ ሰው ምስክርነት ከላይ ያየው ያልተናገረውን ይሞላል።

ከላይ ማየት ብቻውን ድል እንዳልሆነ ጠላትም በገዛ ራሱ ላይ አይቶታል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣልያኑ የአየር ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ ከጓደኞቹ ጋር በሦስት አይሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፈ። አገሩን ከአየር አይተውት ሰላም መስሏቸው ነበር። በሌሊት ግን ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ቡድን ከበባቸው፤ አይሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከአንድ ቄስ በቀር ወሬ ነጋሪ አልተረፈም። ከላይ ያየ ዐይን ከታች የተቀመጠውን ልብ ሊያይ አልቻለም።

የነዚያ ጥቂት በራሪዎች ውርስ በነፃነት ዘመን አልጠፋም። ኮሎኔል ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ አስተማሩ። ቀጥሎ ፎን ሮዘን ከስዊድን መኰንኖች ጋር በቢሾፍቱ የአየር ኀይሉን አደራጁ። በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ሰማይ የበረሩት ሁለቱ ሰዎች ግን ሊስማሙ አልቻሉም፤ ሮቢንሰንም ከአየር ኀይሉ ወጡ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአይሮፕላን አደጋ ቈስለው ሞቱ፤ በጉለሌም ተቀበሩ። ፎን ሮዘን በበኩላቸው በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ተመልሰው፣ መንገድ ለማይደርስባቸው መንደሮች በትንሽ አይሮፕላን ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደሉ። ቦምብ ሲጣልበት ያዩትን አገር እህል በመጣል የካሡ ሰው ታሪክ ለአንድ ጥሩ ደራሲ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

ሄሊኮፕተርም በዚህ ውርስ ላይ ተጨመረ። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ሠራዊትና መሣሪያ በሄሊኮፕተር ተራራ ተሻግሮ ከጅጅጋ ጀርባ እንዲወርድ ተደርጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የኢትዮጵያ ሄሊኮፕተሮች ለተባበሩት መንግሥታትና ለአፍሪካ ኅብረት ሰላም ማስከበር ወደ ዳርፉር፣ ወደ ኒያላ ሄዱ። በ1928 ዓ.ም. ዓለም ምስክርነቱን ሳይቀበለው የቀረ ሕዝብ ልጆች የሌላውን ሕዝብ አቤቱታ ለመጠበቅ በሰማይ መቆማቸው ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ቃኚው ዐይን ሰው ሳይቀመጥበት መብረር ጀምሯል። ያየውን በመስታወት ላይ ያሳያል፤ ያየበት ሰው ግን ከብዙ ርቀት ተቀምጦ ነው። የቪቶርዮ ሙሶሊኒና የዶክተር ዡኖ ልዩነት ስለዚህ የቈየ ነገር ሆኖ አልቀረም። ከፍታው ሲጨምር፣ ርቀቱም ሲሰፋ፣ ጽጌረዳ የማየት ፈተና ይበረታል፤ አቤት የሚለው ድምፅም ይርቃል። ይህን ለወጣቱ የሚያስተምረው የመሣሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ይህን የሚያስተምረው ሥነ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች አደራ እንላለን። የታሪክ አስተማሪዎች አንቺምንና ማይጨውን ጎን ለጎን ያስተምሩ። የመዝገብ ቤት ሹማምንት የበረራ መዝገቦችን፣ ፎቶግራፎችንና ደብዳቤዎችን እየሰበሰቡ ለአንባቢ ይክፈቱ፤ በአየር ኀይል ያገለገሉ አረጋውያንም የተዋጉትን ብቻ ሳይሆን ያዩትን እንዲናገሩ ይጠይቋቸው። ደራሲዎቻችንም ጀግና ሲፈልጉ ሰይፍ የያዘውን ብቻ አይፈልጉ። መሣሪያ በሌላት አይሮፕላን ወጥቶ፣ ያየውን በልቡ ይዞ፣ በሕይወት ተመልሶ እውነቱን ለመናገር የታገለም ጀግና ነው። ተዋጊ ቢሞት ሌላ ተዋጊ ይተካዋል፤ ወሬ ነጋሪው ከሞተ ግን የሞቱት ሁሉ ሁለተኛ ይሞታሉ።